በኅብረት ሥራ የቅን ግምት ስፍራ

መምህራን በአንድነት ፈተና ሲያዘጋጁ ወይም መርሐ ትምህርት ሲገመግሙ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ማረሙ አይቀርም። ዕርማቱ እንደ ንቀት፣ መዘግየቱም እንደ ተንኮል የታየ እንደ ሆነ ኅብረቱ ይፈርሳል።

የመስቃን ኅብረተሰብ በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የሶዶ፣ የመስቃንና የአጎራባች አካባቢዎች ተወላጆች ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይሉ ገንዘብ በማዋጣት፣ በቡታጅራ የሚያልፈውን የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አቋቁመዋል። አዋጪው ገንዘቡን የሰጠው መንገዱን ሳያይ፣ አብዛኛውንም አዋጪ በአካል ሳያውቅ ነበር።

እንዲህ ያለው እምነት ግን ያለ ሥርዓት አይጸናም። ይህም በዕቁብ በግልጽ ይታያል። አስቀድሞ ዕጣ የወጣለት አባል እስከ መጨረሻው ዙር እንደሚከፍል ይታመናል፤ ሆኖም ዋስ ይጠራል፣ ጸሐፊውም ክፍያውን ይመዘግባል። በቀጠሮው ያልመጣ አባል ካደ ከመባሉ በፊት ምን እንዳጋጠመው ይጠየቃል፤ ዋሱ የሚያዘው ከዚህ በኋላ ነው።

በትምህርት ቤትም አሠራሩ ይኸው ሊሆን ይገባል። የተለወጠው ነገር ከነምክንያቱና ከአራሚው ስም ጋር በመዝገብ ይስፈር፤ ቅር የተሰኘው መምህር ከመክሰሱ በፊት ባልደረባውን ይጠይቅ፤ ጥፋቱ ከተደጋገመም ጉዳዩ ለኮሚቴው ይቅረብ። እንዲህ ሲሆን የተሳሳተው ለመታረም፣ ያረመውም ለመናገር አይፈራም።