ስለ ባዶ መንገድ ሒሳብ

በላፍቶና በአካባቢው፥ በጀሞም ሆነ በለቡ፥ ኑሮአቸውን በራሳቸው ሞተር ብስክሌትና አውቶሞቢል ላይ የመሠረቱ ሰዎች አሉ። እነዚህ የድርጅት ደመወዝተኞች አይደሉም፤ ዕቃ በማድረስ ወይም ሰው በማመላለስ በውል የሚሠሩ ናቸው። ከሚያሠሩአቸው ጋራ ብዙ ጊዜ የሚያጋጫቸውም፥ የኪሎ ሜትሩ ሒሳብ ከየት ተነሥቶ እስከ የት ይቈጠራል የሚለው ነገር ነው።

በ2013 ዓ.ም. የአትክልት ገበያው ከጃን ሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ፥ በፒያሳ ላለ ምግብ ቤት የሽንኩርቱና የቲማቲሙ መንገድ ረዝሞአል። ለምሳሌ ያህል፥ ከቤቱ የተነሣ ባለ ሞተር 4 ኪሎ ሜትር ሄዶ ዕቃውን ቢያነሣ፥ 12 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቢያስረክብ፥ ሌላ ሥራ አጥቶም 12 ኪሎ ሜትር ባዶውን ቢመለስ፥ በጠቅላላው 28 ኪሎ ሜትር ነዳ ማለት ነው። የሚከፈለው ግን ዕቃው በተጫነበት በ12ቱ ልክ ከሆነ፥ የ16ቱን ቤንዚን፥ ዘይትና የጎማ ማለቅ ከኪሱ ይሸፍናል፤ ሞተር ጭነቱ ወረደልኝ ብሎ ቤንዚን መጠጣቱን አይተውምና። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጁን ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ይህ ጉድለት ይበልጥ ይሰማል።

ነገሩ ራሱ አዲስ አይደለም። የኮንትራት ታክሲ ነጂ ወደ ከተማው ዳር ሂድ ሲባል «መልሱ ባዶ ነው» ብሎ ዋጋ መጨመሩ የታወቀ ነው፤ ተሳፋሪውም ይከራከራል እንጂ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ዋጋውን በስልክ ያለ መተግበሪያ ሲቈርጠው ግን ይህን ቃል የሚሰማ የለም።

ሕጉን የተመለከተ እንደሆነ፥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011፥ ውሉ በሌላ አኳኋን ካልተናገረ በቀር፥ አሠሪ ለሠራተኛው የሥራ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። ነገር ግን በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ሰው ይኸው ዐዋጅ አይመለከተውም። ስለዚህ ባለ ሞተሩ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 1713 ተዋዋዮች በውሉ ቃል ብቻ ሳይሆን በልማድ፥ በርትዕና በቅን ልቡና በሚከተለውም ግዴታ እንደሚታሰሩ ይናገራል። የባዶው መልስ ሒሳብ በዚህ ሥራ ልማድ ነው ብሎ ለሚከራከር ሰው እንግዲህ በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ሆኖም ማስረዳቱ የእርሱ ሸክም ነው።

አሠሪውም ያለ ምክንያት አይከራከርም። አንዱ ከጎረቤት፥ ሌላው ከሰበታ ቢመጡ ለአንድ ሥራ ሁለት ዋጋ ልክፈልን? በመልሱስ መንገድ የሌላ ሰው ዕቃ ጭኖ ከሁለታችንም ቢቀበል ማን ያውቃል? ብሎ ይጠይቃል። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ግዛት፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በኅዳር 2020 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ሕግ፥ በመተግበሪያ አማካይነት በገዛ መኪናቸው ለሚሠሩ ነጂዎች በአንድ ማይል 30 ሳንቲም የመኪና ወጪ እንዲታሰብላቸው ወሰነ፤ መጠኑም ከኑሮ ውድነት ጋራ እንዲያድግ አደረገ። ቈጠራው የሚጀምረው ነጂው ትእዛዙን ከተቀበለበት ቦታ ነው፤ የሚያበቃውም ሥራው ሲፈጸም ነው። ባዶው መልስ በዚያም አገር ሳይቈጠር ቀርቶአል፤ ዕቃ ወደ ማንሻው የሚኬድበት መንገድ ግን ተቈጥሮአል።

ለላፍቶም ይህ መነሻ ይበጃል። ትእዛዙን ከተቀበለበት ስፍራ ጀምሮ ያለው መንገድ ይከፈል፤ መልሱም ከተወሰነ ርቀት ሲያልፍ፥ በዚያው ጉዞ ሌላ ጭነት አለመያዙ ሲታወቅ፥ ወጪው እኩሌታ በእኩሌታ ይከፈል ብሎ በውሉ ላይ በአማርኛ መጻፍ ከሁለት መስመር አይበልጥም። የሞተሩ ኪሎ ሜትር ቈጣሪ ትእዛዙ ሲደርስ፥ ዕቃው ሲነሣና ሲረከብ ያሳየውን ቍጥር ባለ ሞተሩ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለአሠሪው ቢልክ፥ ክርክር በተነሣ ጊዜ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆናል።