ከምንጮቹ ሥር ያለው ደን የማን ነው?

ከአርባ ምንጭ ከተማ ሼቻ አፋፍ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የአባያና የጫሞ ሐይቆች ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታም በመካከላቸው ተጋድሞ ይታያሉ። ከገደሉ ግርጌ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። በዙሪያው ያለው ቆላ የግራርና የቁጥቋጦ አገር ነው፤ በደኑ ውስጥ የሚታየው ዓይነት ግዙፍ ሾላ በዝናብ ብቻ አይበቅልበትም። ደኑን የሚያጠጣው ከጋሞ ደጋ ሰርጎ ከገደሉ ሥር የሚፈልቀው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አርባ ምንጭ ስሟንም የመጠጥ ውሃዋንም ያገኘችው ከእነዚሁ ምንጮች ነው።

ለአዳኝ ይህ ረግረጋማ ጥላ የተመቸ ቦታ ነው። ጅግራ ቀን መሬት እየጫረ ፍሬና ነፍሳት ሲለቅም ውሎ፣ ማታ ከመንጋው ጋር ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። ሲደነግጥ አስቀድሞ የሚያምነው እግሩን ነው፤ ክንፉን የሚዘረጋው መላ ሲጠፋው ነው። መመላለሻውን ያወቀ ልጅ ከቁጥቋጦ ሥር የገመድ ወጥመድ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ጥይት አያባክንም፤ ድምፅም አያሰማም። ድኩላውም ከዚያው ደን አይርቅም።

ደኑ ግን የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። በፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው፤ ከፓርክ ውጪም ቢሆን የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ሕጉ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው፣ ጎረቤቱ ሕዝብ ሕጉን የሚያከብርበት ምክንያት ምን እንደሆነ ነው። ነጭ ሣር ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ፓርክ በ1966 ዓ.ም. ሲከለል ዋናው ዓላማ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የስዌይን ቆርኬ ማትረፍ ነበር። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። የጉጂ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን በሜዳው ያግዱ ነበር፤ የኮሬ ገበሬዎችም በምሥራቅ በኩል ያርሱ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደርግ ጉጂዎችን በመሣሪያ ኃይል አስወጣቸው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ተመለሱ። በ1996 ፓርኩን ለማስተዳደር አፍሪካን ፓርክስ ከተባለ ድርጅት ጋር ውል ሲፈረም ኮሬዎች ወደ ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ የጉጂ መኖሪያ ቤቶች መቃጠላቸውን የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ዘገቡ። ድርጅቱ በፓርኩ ውስጥ ያለው የሰው ጉዳይ መፍትሔ እንዳላገኘ ገልጾ በ2000 ዓ.ም. ጥሎ ወጣ። ይህ ሁሉ ሰው ተፈናቅሎም ቆርኬው አልዳነም። በፓርኩ ውስጥ ያለው ቁጥር እያሽቆለቆለ ሄዶ በጣት የሚቆጠር ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ ሰውን ከመሬቱ ነቅሎ አውሬን ማትረፍ እንደማይቻል ነው። የተባረረ ሰው ይመለሳል፤ ሲመለስም አውሬውን እንደ ባላጋራው ያየዋል።

በደኑ በኩል ያለው ፈተና ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሴቶች የማገዶ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ከደኑ ወደ ከተማ ይወጣሉ። ጎንበስ ያለው ጀርባቸው የኑሯቸውን ክብደት ይናገራል፤ እነሱን ወንጀለኛ ማለት ይከብደኛል። ሆኖም ለደኑ ከወጥመዱ ይልቅ የሚያሰጋው መጥረቢያው ነው። ጅግራ በአገራችን ብዙ ስለሆነ ጥቂቱ ቢታደን መልሶ ይተካል። ማደሪያው ሾላ ከተቆረጠ ግን ወፉም፣ ጉሬዛውም፣ ምንጩን የሚጠብቀው ጥላም አብረው ይሄዳሉ።

የአሜሪካ ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የዚያ አገር የዱር ተርኪ፣ እንደ ጅግራ መሬት ለመሬት የሚለቅም ትልቅ ወፍ፣ በገደብ የለሽ አደንና በደን ጭፍጨፋ ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተወሰነ። አዳኙ ከፋይም ጠባቂም ሆነ፤ ተርኪው ዛሬ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። የሕዝብ በሆነ ረግረጋማ ደን ውስጥ ሳይቀር በወቅቱና በፈቃድ ይታደናል።

እኛም ነጭ ሣርን ለአደን እንክፈት አልልም፤ ፓርኩ ፓርክ ሆኖ ይቆይ። ነገር ግን ከወሰኑ ውጪ፣ በጅግራ አደን ላይ ወቅትና ቁጥር ወስኖ ለአካባቢው ሰው ፈቃድ መስጠት፣ ገቢውንም ለዚያው ቀበሌ ማዋል ይቻላል። ለማገዶ ሻጮቹም ከደኑ ዳር የሚተከል የማገዶ እንጨትና ሌላ መተዳደሪያ ማዘጋጀት ግድ ነው።

የሚያስማማ ሽማግሌም አልጠፋም። በመስከረም 2011 በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ግድያ የተቆጡ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ፣ እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው የመለሷቸው የጋሞ አባቶች ነበሩ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና የጋሞ ዞን አስተዳደር እነዚህን አባቶች ከጉጂና ከኮሬ ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ጉባኤ ያስቀምጧቸው። ስለ ግጦሹ፣ ስለ ማገዶው፣ ስለ አደኑም የሚወሰነው ነገር ወደ መንደር ከመውረዱ በፊት በእነሱ ፊት ይመከርበት።