ከምላስ ሥር የምትቀመጠው ክኒንና ጾማችን

ኢፍጣር ላይ ሾርባውንና ሳምቡሳውን አጣጥመን ለተራዊሕ ስንወጣ ደብረ ታቦር ላይ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይገጥመናል፤ የጠገበ ሆድ፣ የጉና ብርድና አቀበት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የልባቸው ደም ሥር ለጠበበ አባቶችና እናቶች ሦስቱም ደረትን ጨምድዶ የሚይዘውን፣ ሐኪሞች አንጃይና የሚሉትን ሕመም ይቀሰቅሳሉ።

ለዚህ ከሚታዘዙት አንዷ ከምላስ ሥር የምትቀመጠው ናይትሮግሊሰሪን ናት። አልፍሬድ ኖቤል ድማሚት የሠራበት ንጥረ ነገር ይኸው ነው፤ በስተርጅናው ለገዛ ልቡ ሲታዘዝለት ተገርሞ ነበር። ክኒኗ ሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ትሰጣለች። ጋዙ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለውን ጡንቻ ያላላዋል፤ ሥሮቹ ሲሰፉ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ቀንሶ የልብ ሸክም ይቀልላል። ጤነኛ ደም ሥር ይህን ጋዝ ራሱ ያመነጫል። የጋዙን ሥራ የደረሱበት ፉርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያው በኖቤል ስም የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብለዋል።

በየቤታችን ያለው ጭንቀት ግን ሌላ ነው። አባባ ደረታቸውን ይዘው፣ ክኒኗ ኪሳቸው ውስጥ እያለች፣ «መግሪብ ሊደርስ ነው፤ ጾሜን አላፈርስም» ይላሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባደረገው 10ኛ ጉባኤ ይህንኑ ተመልክቶታል፤ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ የአንጃይና ክኒን፣ ወደ ጉሮሮ የሚደርሰው እስካልተዋጠ ድረስ ጾም አያፈርስም። ለነገሩ ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን መክፈልም ተፈቅዷል።

ክኒኗን ስናቀብላቸው እናስቀምጣቸው። ውኃ ሳይጠጡ ለዋሉ ሰዎች የደም ግፊት ድንገት ወርዶ ሊጥላቸው ይችላል። ራስ ምታቱ የተለመደ ነው። በ5 ደቂቃ ካልተሻላቸው ግን ወደ ሆስፒታል፤ ከጋይንት ወይም ከእስቴ ለሚመጣ መንገዱ ራሱ ጊዜ ይበላልና አንጠብቅ። አባቶች ለልጅ የማይናገሩት ሌላም አለ፤ ለወንድነት ድክመት ቪያግራ የወሰደ ሰው ይህችን ክኒን ከደረበ ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ለሐኪሙ ይንገሩት፣ ለእኛ ባይሆንም።

በየቀኑ የሚዋጡት የዚሁ ዘር መድኃኒቶች ደግሞ በመካከል እረፍት ካላገኙ ኃይላቸው ይደክማል። ስለዚህ ሰዓታቸውን ወደ ኢፍጣርና ሱሑር የሚያዛውረው ሐኪሙ እንጂ እኛ አይደለንም። ከምላስ ሥር የምትቀመጠዋም ብርሃንና ሙቀት ያበላሿታል፤ በወረቀት ተጠቅልላ ኪስ ውስጥ አትክረም፣ በመጣችበት ብልቃጥ ክዳኗ ጠብቆ ትቀመጥ።