ፖሊስን ፖሊስ ሲመረምር

ፒተር ጎድበር ከሆንግ ኮንግ ሲወጣ በሌሊት ጀልባ አልሾለከም። እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 1973 ካይ ታክ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ፤ የፖሊስ ይለፉን ይዞ የኢሚግሬሽን ቁጥጥሩን አለፈና ወደ ሲንጋፖር በሚበር አውሮፕላን ተሳፈረ። ከዚያ እንግሊዝ ገባ። ከአራት ቀን በፊት ሀብቱን ከየት እንዳመጣው በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲያስረዳ ደብዳቤ ደርሶት ነበር። ምርመራውን የያዘውም፣ ቤቱን የፈተሸውም፣ ያመለጠበትን ይለፍ የሰጠውም ያው የፖሊስ ኃይል ነው።

ጎድበር በ1952 የተቀጠረ፣ በ1967ቱ ሁከት ጊዜ በአመራሩ የተመሰገነ፣ የካውሉን ፖሊስ ምክትል አዛዥ እስከ መሆን የደረሰ እንግሊዛዊ ነበር። ጡረታው ሲቃረብ መርማሪዎች የደረሱበት ሀብት 4.3 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ ሆነ። በሃያ ዓመት አገልግሎቱ የተከፈለው ደመወዝ በሙሉ ቢደመር ይህ ሀብት ወደ ስድስት እጥፍ ይበልጠዋል።

ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው ከተማ 4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት፤ ብዙው ከቻይና የሸሸ ስደተኛ ወይም የስደተኛ ልጅ ነው። ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም ለሁሉ አይዳረስም። እንዲህ ባለ ቦታ ማኅተም የያዘ ሁሉ ማኅተሙን ይሸጣል። የአምቡላንስ ሠራተኛ በሽተኛውን ከማንሣቱ በፊት የሻይ ይጠይቃል። ሆስፒታል የተኛ ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ወይም የሽንት ዕቃ እንዲቀርብለት ለአስታማሚዋ ሸጎጥ ማድረግ አለበት። (የአማርኛ አንባቢ "የሻይ" ምን እንደሆነ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።)

ፖሊስ ዘንድ ግን ነገሩ ከልመና አልፎ ድርጅት ሆኗል። ቁማር ቤቱ፣ ሴተኛ አዳሪ ቤቱ፣ ዕፅ ሻጩ፣ የመንገድ ዳር ነጋዴው፣ እያንዳንዱ በየጊዜው የሚከፍለው ተመን ነበረው። ቻይናውያን ሳጅኖች ይሰበስባሉ፤ ድርሻው እንደየማዕረጉ ወደ ላይ ይወጣል። ከሳጅኖቹ ስመ ጥር የሆነው ሉይ ሎክ "የአምስት መቶ ሚሊዮን ዶላሩ መርማሪ" ይባል ነበር። ከአገር ወጥቶ፣ አንድ ቀን ችሎት ፊት ሳይቆም፣ በ2010 ካናዳ ውስጥ ሞተ። ፊልም ሳይቀር ተሠርቶለታል፤ እሱን ሆኖ የተወነው ደግሞ አንዲ ላው ነው።

አዲስ ለሚገባ ፖሊስ ስለ አንድ አውቶቡስ ይነገረው ነበር። ከፈለግህ ተሳፈር፤ ካልፈለግህ ከጎኑ ሩጥ፤ ከፊቱ ግን እንዳትቆም። የተሳፈረው ይበላል፣ ከጎን የሚሮጠው አይቶ ዝም ይላል፣ ከፊት የቆመው ይደፈጠጣል። የጎድበርን ማምለጥ እንዲያጣሩ የተሾሙት ዳኛ አላስቴር ብሌር-ኬር አባባሉን በሪፖርታቸው አስፍረውታል። እኔን ከሦስቱ የሚያሳስበኝ የሚሮጠው ነው። በየጣቢያው የሚበዛው እሱ ነው። እጁ ላይ ምንም ስለሌለ ራሱን ንጹሕ አድርጎ ይቆጥራል፤ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ልጆቹ ይገባል። አንድ ቀን ጨክኖ ልናገር ቢል እንኳ አቤቱታውን የሚወስደው ወደዚያው ወደ ባልደረቦቹ ነው።

የፀረ ሙስና ክፍሉ የፖሊስ አካል ነበርና። በ1971 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከገቢው በላይ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ የሀብቱን ምንጭ ራሱ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ሕጉ ጥርስ አለው፤ አፉ ግን የተጠርጣሪው ጓዶች ነበሩ። ጎድበር ካመለጠ በኋላ ሕዝቡ "ሙስናን ተዋጉ፣ ጎድበርን ያዙ" እያለ አደባባይ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያለ ሰው አይፈረድበትም፤ በእንግሊዝ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት መያዝ ብቻውን ወንጀል ስላልነበረ ሰውየውን በዚያ ክስ ማስመለስ አልተቻለም። ጩኸቱ ግን ገዢውን ሙሬይ ማክሌሆዝን አስጨነቃቸው። ምርመራውን ከፖሊስ እጅ አወጡት። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1974 የተቋቋመው ነጻ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተጠሪነቱ ለገዢው ብቻ ሆነ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ3,000 በላይ ጥቆማ ጎረፈለት።

ጎድበርም በጃንዋሪ 1975 ተላልፎ ተሰጥቶ ተመለሰ። ያስፈረደበት 4.3 ሚሊዮኑ አልነበረም፤ አንድ ቻይናዊ መኮንን ዋን ቻይ ለመመደብ የሰጠው 25,000 ዶላር ነው። ዋን ቻይ የቡና ቤትና የመርከበኞች ሰፈር ስለሆነ ለአዛዡ ያበላል። የመሰከሩበት ሁለቱ መኮንኖች ራሳቸው ጉቦ የለመዱ ነበሩ። አራት ዓመት ተፈረደበት።

ፈተናው የመጣው በ1977 ነው። ኮሚሽኑ በያው ማ ቴይ ፍራፍሬ ገበያ ከዕፅ ነጋዴዎች ጋር የተመሳጠሩ ፖሊሶችን በጅምላ ማሰር ሲጀምር የቀሩት ተራችን ደረሰ ብለው ተነሡ። ኦክቶበር 28 በሺዎች የሚቆጠሩ ፖሊሶች ሰልፍ ወጡ፤ ከእነሱ የተወሰኑት የኮሚሽኑን ቢሮ ጥሰው ገብተው ሠራተኞቹን ደበደቡ። ከስምንት ቀን በኋላ ማክሌሆዝ ተረቱ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1977 በፊት የተፈጸመ ሙስና፣ ምርመራው ቀድሞ ካልተጀመረ ወይም እጅግ ከባድ ካልሆነ በቀር፣ አይነካም አሉ። ከ80 በላይ ምርመራዎች ታጠፉ።

ይህን ምሕረት እንደ ብልህነት የሚያወሱ አሉ። ግማሹን እስማማለሁ። ፖሊስ የሌላት ከተማ ማስተዳደር አይቻልም፤ ምሕረቱም ኮሚሽኑን ከመፍረስ አዳነው። ወዲያውም እምቢ ያለ ፖሊስ በአፋጣኝ የሚሰናበትበት ሕግ ወጣ፤ በ1978 ከ100 የሚበልጡ መኮንኖች ተሸኙ፤ ያ የተደራጀ የጉቦ አሰባሰብም ዳግም አልቆመም። ሌላው ግማሽ ግን ይከነክነኛል። ለዓመታት ሲከፍል የኖረውን የመንገድ ዳር ነጋዴ ይቅር ትላለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። የማሩት ገዢው ናቸው፤ የተዘረፈው እሱ ነው።

የእኛው የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም እንደ ሆንግ ኮንጉ መመርመርን፣ መከላከልንና ማስተማርን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የመክሰሱ ሥልጣን ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ምርመራው ወደ ፌዴራል ፖሊስ ሄደ። የገቢዎች ወይም የመሬት አስተዳደር ሠራተኛን ለሚጠቁም ሰው ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። ፖሊስን ለሚጠቁም ግን ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ከ1974 በፊት ወደነበረችበት በር መመለስ ነው።

ሆንግ ኮንግም ብትሆን ትምህርቱን በግማሽ ነው የወሰደችው። ኮሚሽኗ የሚመለከተው ገንዘቡን እንጂ ዱላውን አይደለም። ፖሊስ ደበደበኝ የሚል ሰው አቤቱታውን የሚመረምርለት የፖሊስ የራሱ ክፍል ነው፤ ከበላይ ያለው የአቤቱታ ምክር ቤት ፋይሉን ያያል እንጂ ምስክር አስገድዶ የመጥራት ሥልጣን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2019ኙ ተቃውሞ ከሰልፈኞቹ አምስት ጥያቄዎች አንዱ ፖሊስን የሚመረምር ነጻ ኮሚሽን ይቋቋም የሚል ነበር። ያኔ የከተማዋ መሪ የነበሩት ካሪ ላም ጉዳዩን ለዚያው ምክር ቤት ሰጡት። እንዲያግዙ የተጋበዙት የውጭ ባለሙያዎች በዲሴምበር ምክር ቤቱ ለዚህ የሚበቃ ሥልጣንና አቅም የለውም ብለው ለቀቁ። ሪፖርቱ በሜይ 2020 ያለ እነሱ ወጣ፤ ፖሊስ በጥቅሉ መመሪያውን ተከትሏል፣ የሚሻሻል ነገር ግን አለ የሚል ነው። ነጻው ኮሚሽን አልተቋቋመም።