እናቶች የጠየቁት፣ ልጆች የቀጠሉት

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ምናልባት ተራ እየጠበቃችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ይሆናል። ጥቂት ቆይታችሁ ነርሷ ዘንድ ስትገቡ ስለ ኪኒን፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ሉፕ ወይም ስለ ኮንዶም የፈለጋችሁትን ትጠይቃላችሁ፤ መልስም ታገኛላችሁ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ምክር መስጠት በአንዳንድ አገሮች ወንጀል የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

ሕግ ባይከለክልም ዝምታ ይከለክላል። በአገራችን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል ኖሯል። ዛሬም ቢሆን ኪኒኗን ከእህል ዕቃ ውስጥ ደብቃ፣ ባሏ ሳያይ የምትውጥ ሚስት አለች። ይህ የሚሆነው ባልየው ክፉ ሰው ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱ ነገሩን አንስተው ተነጋግረው ስለማያውቁ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ይህ ዝምታ በሌላው ዓለም እንዴት ተሰበረ? ጥያቄው በግልጽ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ ኮሌጅ ነው። የሰሜን አሜሪካ ሴት ተማሪዎች ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲቀባበሉት የኖሩትን የመብት ጥያቄ ባጭሩ እንመልከት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መናገር ወንጀል በነበረበት ጊዜ

በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት ሕግ ባለትዳሮች እንኳ የእርግዝና መከላከያ እንዳይጠቀሙ ይከለክል ነበር። በ1961 በኒው ሄቨን ከተማ የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ የከፈቱት ወይዘሮ ኤስቴል ግሪስወልድና የየል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ዶክተር ሊ በክስተን ተይዘው እያንዳንዳቸው 100 ዶላር ተቀጡ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1965 ፍርድ ቤቱ የባልና የሚስት ምስጢር በመንግሥት ሊደፈር አይገባም በማለት ሕጉን ሻረው።

ላላገቡት ግን ክልከላው በማሳቹሴትስ ግዛት ቀጠለ። በ1967 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢል ቤርድ የተባለውን የመብት ተሟጋች ጋብዘው ስለ እርግዝና መከላከያ ንግግር አደረገላቸው። በንግግሩ መጨረሻ ላይ ለአንዲት ያላገባች ወጣት መከላከያ ሲሰጥ ፖሊስ እዚያው ያዘው። ያላገቡ ሰዎችም መከላከያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው።

በካናዳም እንዲሁ ነበር። በሞንትሪያል ከተማ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1968 ስለ እርግዝና መከላከያ የምታስረዳ አነስተኛ መጽሐፍ አሳትመው አሠራጩ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የወንጀል ሕግ መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ስለነበር አሳታሚዎቹ ሊከሰሱ ይችሉ ነበር። ሕጉ የተሻሻለው በሚቀጥለው ዓመት በ1969 ሲሆን፣ መጽሐፏ ግን በካናዳና በአሜሪካ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቅጂዎች ተሠራጨች።

ለመጠየቅም ማወቅ ያስፈልጋል

በ1969 ግንቦት ወር በቦስተን ከተማ በኢማኑኤል ኮሌጅ ስለ ሴቶች መብት ስብሰባ ተደረገ። በአንዲት ክፍል ውስጥ የተሰበሰቡ ሴቶች ስለ ሰውነታቸውና ስለ ሐኪሞቻቸው መወያየት ጀመሩ። ከመካከላቸው ያገቡና ልጅ የወለዱም ነበሩ። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ ሄደው ጥያቄያቸው በቅጡ ሳይመለስ ወጥተዋል። በመሆኑም በመጀመሪያ ያሰቡት የጥሩ ሐኪሞችን ስም ዝርዝር ለማውጣት ነበር። ነገር ግን ሐኪሙን ለመመዘንም ሆነ በትክክል ለመጠየቅ ራሳቸው በቂ እውቀት እንደሌላቸው ተረዱ።

ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈሉ። አንዷ ስለ እርግዝና፣ ሌላዋ ስለ መከላከያ፣ ሌላዋም ስለ ወሊድ የሕክምና መጻሕፍትን እያነበበች ለጓደኞቿ ታስረዳለች፤ የሰሙትም በራሳቸው ላይ የደረሰውን ይጨምሩበታል። ከዚህ ውይይት በ1970 ባለ 193 ገጽ መጽሐፍ ወጣ፤ ዋጋውም 75 ሳንቲም ነበር። በኋላ «ሰውነታችን፣ እኛነታችን» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶት ከ30 በሚበልጡ ቋንቋዎች ቀረበ።

በዚያው በ1970 የአሜሪካ ሴኔት ኪኒን ሊያስከትል ስለሚችለው የጤና ችግር ምስክሮችን ሲሰማ፣ ከአዳራሹ ወጣት ሴቶች ተነሥተው «ኪኒኑን የምንውጠው እኛ ሆነን ሳለ ከእኛ አንዲት እንኳ ያልተጠራችው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አነሡ። ከዚያ ወዲህ ለተጠቃሚዋ የሚገልጽ ወረቀት ከኪኒኑ ጋር እንዲሰጥ ተደረገ። ዛሬ በፓኮው ውስጥ ተጣጥፎ የምታገኙት ወረቀት ታሪክ ይህ ነው። የሆርሞኑ መጠንም እየቀነሰ መጣ። የመጀመሪያው ኪኒን 150 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን ሲይዝ፣ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የሚይዙት ከ20 እስከ 35 ብቻ ነው።

ልጆቹ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ

በ1960ዎቹ በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች መኝታ ቤት በር በተወሰነ ሰዓት ይዘጋ ነበር፤ ወንዶቹ ግን እንደፈለጉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። የዚያ ዘመን ተማሪዎች «ዘበኛ አትሁኑብን፣ እኛ አዋቂዎች ነን» ብለው ታግለው የሰዓት ገደቡን አስነሡ።

ከሃያ ዓመት በኋላ የመጡት ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር ጠየቁ። በኦሃዮ ግዛት በአንቲዮክ ኮሌጅ በግቢው የመድፈር ወሬ ከተሰማ በኋላ፣ ሴት ተማሪዎች ግልጽ መመሪያ እንዲወጣ ጠየቁ። በ1991 የወጣው መመሪያ አንዱ ሌላውን ከመቅረቡ በፊት በቃል ፈቃድ እንዲጠይቅ የሚያዝዝ ነበር። በ1993 ጉዳዩ በጋዜጣና በቴሌቪዥን መሳለቂያ ሆነ። በ1960ዎቹ ተማሪ የነበሩት ጸሐፊ ካሚል ፓግሊያም እኛ ዘበኛውን አባረርን፣ እናንተ መልሳችሁ ጠራችሁት የሚል መንፈስ ያለው ወቀሳ ሰንዝረዋል።

ታዲያ ማን ልክ ነበር? ሁለቱም ትውልድ ያየውን ችግር ነው የተናገረው። የመጀመሪያዎቹ በሩ ተዘግቶባቸው ነበርና መውጣትን ጠየቁ። ሁለተኛዎቹ በሩን ክፍት አገኙት፤ ሲጎዱ ግን የሚሰማቸው ስላጡ መደመጥን ጠየቁ። በ2014 የካሊፎርኒያ ግዛት ለኮሌጆቹ ባወጣው ሕግ ዝምታ እንደ ፈቃድ እንደማይቆጠር ደነገገ። የተሣቀበት ሐሳብ ከሃያ ዓመት በኋላ ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ውይይቱ በእኛም አገር አለ። በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት «የሎ ሙቭመንት» የተባለ የተማሪዎችና የመምህራን እንቅስቃሴ ተጀምሮ በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት በግቢው ውስጥ ውይይት ከፍቷል። አበባ እየሸጠም ለችግረኛ ሴት ተማሪዎች መርጃ ገንዘብ አሰባስቧል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ከዚህ ሁሉ ለባለትዳሮች የሚተርፈው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ማወቅ የሁለታችሁም መብት ነው። ከኪኒኑ ጋር ያለውን ወረቀት አንብቡ፤ ቋንቋው ከከበዳችሁ ነርሷን አስረዱን በሏት። ኪኒን የምትወስድ ሴት ብርቱ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም ወይም የእግር እብጠትና ሕመም ከተሰማት ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትሂድ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ በሠርግ ቀን የተሰጠ እሺታ ለዘለዓለሙ መልስ አይሆንም። ዛሬ ልጅ እንውለድ ወይስ እንቆይ፣ የትኛው መከላከያ ይስማማሻል፣ ዛሬ ማታ ደክሞሻል ወይ ብሎ መጠየቅ የባልን ክብር አይቀንስም። ሚስትም ሐሳቧን ብትናገር ድፍረት አይደለም። ከቻላችሁ ወደ ክሊኒኩ አብራችሁ ኑ።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጃችሁ ለእረፍት ስትመጣ ያልለመዳችሁትን ጥያቄ ይዛ ብትመጣ አትቆጧት። እናንተ በእርሷ ዕድሜ ሳላችሁ ከወላጆቻችሁ ልትጠይቁ ፈልጋችሁ የፈራችሁት ነገር ይኖራል። እስቲ እርሱን አስታውሱና አዳምጧት።

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ እስከ ዛሬ ያልተነጋገራችሁበትን አንድ ነገር አንሡ። የኪኒኑ ፓኮ ከእህል ዕቃው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ለሁለታችሁም እፎይታ ነው።