ዞማ፦ ጭቃና ጭድ የሚያስተምሩበት ሙዚየም

በአዲስ አበባ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ ወይም ሰሚት ቤት ያሠራ ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ጥቁሩ አፈር ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ የተቀመጠበትንም ቤት አብሮ ይሰነጥቃል። ስለዚህ የኮንትራክተሩ የመጀመሪያ ሥራ ዋልካውን ቆፍሮ ማውጣት፣ በገልባጭ መኪና ማስጣልና በቦታው ሌላ አፈር አምጥቶ መጠቅጠቅ ነው። ከዚያ በላይ የሚቆመው ሕንፃ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ብሎኬትና መስታወት ይሆናል። በከተማዋ ምሥራቅ አፈር በወጪ መዝገብ ላይ የሚሰፍር ነገር ነው፤ እንደ ቤት መሥሪያ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

ከቦሌ ተነስቶ በደቡብ ምዕራብ በኩል መካኒሳ ለሚደርስ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ያለው ዞማ ሙዚየም ከአፈርና ከጭድ የተሠራ ነው። ሥዕል የሚታይባቸው ክፍሎች፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት፣ ካፌ፣ የአትክልት ቦታና ላሞች በአንድ ግቢ ይኖራሉ። በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ቦታ ከተለመደው የዕቃ ማሳያ አዳራሽ ይልቅ በጥንቃቄ የተያዘ የገጠር ግቢ ይመስላል።

መሥራቾቹ ሁለት ናቸው። ወይዘሮ መስከረም አሰግድ የሥነ ሰብእ ባለሙያና የዐውደ ርእይ አዘጋጅ ናቸው። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በ1990 ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተመረቀ ነው። ዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሆን፣ የመካኒሳው ግቢ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁለቱ በኢትዮጵያ የተለያዩ አካባቢዎች እየተዘዋወሩ ሰዎች ከአካባቢያቸው አፈር፣ ድንጋይና እንጨት እንዴት ቤት እንደሚሠሩ አይተዋል። ሲገነቡ የተጠቀሙት ያንን ነው። መሬቱ መጀመሪያ ቆሻሻ የተጣለበትና የተበከለ ስለነበር፣ ከግድግዳው በፊት አፈሩን ማከም ነበረባቸው።

የዞማን ሥራ ለመረዳት ከግድግዳው መጀመር ይሻላል። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው በላዩ ላይ የጭድ ስባሪዎች እንደ ወርቃማ ጭረት ይታያሉ፤ መስመሮች ከግድግዳው ወጣ ብለው ይጠማዘዛሉ፣ ይጠላለፋሉ። በብሩሽ የተቀባ ነገር አይደለም፤ ጭቃው ራሱ በእጅ የተቀረጸ ነው። የሰው እጅ እንደሠራው ያስታውቃል።

ሥራው የሚጀምረው ጭቃ ከሚቦካበት ጉድጓድ ነው። አፈር፣ ውኃና ጭድ ይደባለቃል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከዚያም ይተዋል። እዚህ ላይ ሳይንሱ ይገባል። ሸክላማ አፈር እጅግ ከደቀቁ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ውኃ በመካከላቸው ሲገባ ይራራቃሉ፣ ሲወጣ ይቀራረባሉ። የቦሌ ዋልካ የሚያብጠውና የሚሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዋልካ ይህ ጠባዩ ስለሚበዛበት ብቻውን ለምርጊት አይመችም፣ አሸዋም ጭድም በርከት ብሎ ይጨመርበታል። ጭድ ሲገባበት አፈሩ ሲኮማተር የሚፈጠረው ጉተታ በብዙ ሺህ ቀጫጭን ክሮች ላይ ይከፋፈላል። አንድ ትልቅ ስንጥቅ ይሆን የነበረው ዓይን የማያየው ጥቃቅን ጭረት ሆኖ ይቀራል።

ጭቃው ሲከርም ደግሞ ሌላ ለውጥ ይመጣል። ደቂቅ ተሕዋስያን ገለባውን መብላት ይጀምራሉ፤ ገለባው ይለሰልሳል፣ ሙጫነት ያለው ነገር ይለቃል፣ የጭቃው ሽታም ይቀየራል። እንደ ጤፍ ሊጥ ነው፤ ጊዜውን ካላገኘ አይሆንም። የደረሰ ጭቃ በእጅ ሲያዝ ይለጠጣል፣ ማገር ላይ ሲመታም ይይዛል። ሙያተኛው ይህን በሽታውና በመዳፉ ይለያል። በላቦራቶሪ ቋንቋ ስለ ተሕዋስያንና ስለ ሸክላ ቅንጣት የሚባለውን ነገር እሱ በሥራ ቋንቋ "ደርሷል" ብሎ ይጨርሰዋል።

ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ወፍራም የአፈር ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ማታ ቀስ ብሎ ይመልሳል። መስታወት ግን ፀሐይን በቀጥታ ያስገባል። በቦሌ የመስታወት ሕንፃዎች እኩለ ቀን ላይ መጋረጃ የሚዘጋውና የአየር ማቀዝቀዣ የሚበራው ለዚህ ነው።

ከግድግዳው ቀጥሎ የሚታየው አትክልቱ ነው። በሥዕል ማሳያ ዙሪያ እንደ ጌጥ የተተከለ አይደለም፤ የሥራው አካል ነው። ልጆች በዚያው ግቢ ይማራሉ፣ ጎመኑ ሲበቅል ያያሉ፣ ላሟ ስትታለብ ያያሉ። ጭዱ ግድግዳ ይሆናል፣ ከብቱ ይበላዋል፣ እበቱ ወደ አፈሩ ይመለሳል። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ በቀስት ተሥሎ የሚታየውን የተፈጥሮ ዑደት የዞማ ተማሪ እግሩ ሥር ያገኘዋል።

የኤልያስ የጥበብ ሥራዎች ከዚህ የራቁ የሚመስሉት ላይ ላዩን ሲታዩ ነው። በዓለም ዘንድ ይበልጥ የታወቀበት "ታይትሮፕ" የተሰኘው ተከታታይ ሥራ የሚሠራው ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ነው። የኮምፒውተር ሰሌዳዎች፣ የኪቦርድ ቁልፎችና ሽቦዎች ከመርካቶ፣ በተለይም ከምናለሽ ተራ ይገዛሉ። ሽቦው እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በምስማር ይያዛል፣ በቀለም በቀለሙ ይደረደራል። ሥራው አጠገብ የቆመ ሰው የሚያየው ጉንጉን፣ ምስማርና ፊደል የተጻፈባቸውን ቁልፎች ነው። ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ሲል ግን ያው ነገር ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይሆናል፤ ቦይ፣ ድንበርና ችምችም ያለ አረንጓዴ ይታያል። ከቦሌ ተነስቶ በመስኮት ቁልቁል የሸዋን ማሳዎች ያየ መንገደኛ ይህን ምስል በቀላሉ ይለየዋል።

ሌላው ተከታታይ ሥራው ጉንዳንንና ሸክላ ሠሪን በአንድ ርእስ ያገናኛል። ሁለቱም ከአፈር ይሠራሉ፤ ሁለቱም ዕውቀታቸውን በሥራቸው እንጂ በጽሑፍ አያቆዩም። ኤልያስ ለዓመታት ከአዝራር፣ ከክር፣ ከቆርቆሮና ከጭቃ ሲሠራ ኖሯል፤ ኤሌክትሮኒክሱ የመጣው በዚያ መስመር ላይ ነው። ሰዎች የናቁትን ዕቃ በትዕግሥት አንድ በአንድ ማያያዝ የእጁ ጠባይ ነው።

ሥራዎቹ ሩቅ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የቀረበውን ዐውደ ርእይ ወይዘሮ መስከረም ከቴአትር አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ ጋር አዘጋጅተዋል። በ2019 "ታይትሮፕ" የተሰኘው ዐውደ ርእዩ በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው የዌሊን ሙዚየም ተከፍቶ ወደ ሌሎች ሙዚየሞች ተሻግሯል። በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርእይ ተካቷል፤ በ2023 በብሪስቶል የቀረበው ዐውደ ርእይ "እርጋታ" የሚል የአማርኛ ርእስ ነበረው። ይሁን እንጂ ኤልያስ አዲስ አበባን አልለቀቀም። እዚህ ያለው ግቢ፣ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ሥራ ያነሰ ጊዜ አልወሰደበትም።

የዞማን ሥራ ከሥዕል ባሻገር ለማየት ወደ ምሥራቅ መመለስ ይጠቅማል። ከቦሌ ብዙ ሳይርቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይገኛል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል ሆኖ የተመሠረተ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ከሰበሰበ ወዲህ፣ አገሪቱ የሰብል ብዝኀነት ማዕከል መሆኗ በሳይንሱ ዓለም ታውቋል። በየካው ማዕከል የጤፍ፣ የገብስ፣ የስንዴ፣ የማሽላና የሌሎች ሰብሎች ዘር ደርቆ፣ ታሽጎ፣ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል።

የዘር ባንክ ግን የራሱ ድካም አለበት። ዘር በቅዝቃዜ ውስጥም ቢሆን ቀስ በቀስ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በየጊዜው የመብቀል አቅሙ ይፈተናል፤ ሲዳከም ወደ ማሳ ወጥቶ ይዘራል፣ አዲስ ዘር ይሰበሰባል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ፦ በመጋዘን ያለ ዘር ያለበት ዘመን ላይ ይቆማል፣ ማሳ ላይ ያለው ግን ከድርቁ፣ ከዋጉና ከገበሬው ምርጫ ጋር እየተለዋወጠ ይሄዳል። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ከቀዝቃዛው ክፍል ጎን ለጎን የአገር በቀል ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ሠርተዋል፤ ለሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1989 "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በእሳቸው መንገድ ገበሬው የሳይንቲስቱ የሥራ ባልደረባ ነው።

ሠዓሊውና የዘር ሊቁ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። የጭቃ ቤት ዕውቀትም እንደ ዘር ነው የሚጠበቀው፦ ተጽፎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በመደርደሪያ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሕያው ሆኖ የሚቆየው ግን ሲሠራበት ነው። ጭቃ መድረሱን በሽታው የሚለይ ሰው ካላስተማረ፣ ቀጣዩ ሰው ያንን ሽታ ከመጽሐፍ አያገኘውም። ዞማ ሲሠራ ሙያው ያልነበራቸው ሠራተኞች ጭቃ ማቡካቱን፣ መምረጉንና መቅረጹን እዚያው ተምረዋል። ሥልጠናው ለግንባታው የተከፈለ ወጪ ብቻ አልነበረም፤ የግንባታው አንዱ ውጤት ነው።

የጭቃ ግንባታ ርካሽ ነው ማለት ግን አይደለም። አፈርና ጭድ ዋጋቸው ዝቅተኛ ቢሆንም የሰው እጅና ጊዜ በብዛት ይፈልጋሉ። ውኃ የጭቃ ግድግዳ ዋና ጠላት ስለሆነ የድንጋይ መሠረትና ሰፊ የጣራ ክፈፍ የግድ ነው፤ ክረምት ካለፈ በኋላም የተላጠው ቦታ እንደገና ይለሰናል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቦታ ይበላል፣ ፎቅ በፎቅ ላይም በቀላሉ አይደረብበትም። የካሬ ሜትር ዋጋ በሚቆጠርበት ቦሌ ላይ ይህ የሚያዋጣው ባለሀብት ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ዞማን ለመላው ከተማ የሚሆን የቤት ዲዛይን አድርጎ ማቅረብ ስህተት ይሆናል። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅመው ጥቂት ጥያቄ ነው፤ ፎቅ የሌለው መዋለ ሕፃናት፣ ካፌ፣ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ወይም የአጥር ግንብ ሁሉ ሲሚንቶ መሆን አለበት ወይ? ፀሐይ በሚመታው በኩል ሙሉ መስታወት መግጠም ግዴታ ነው ወይ? ከመሠረት የወጣው አፈር ሁሉ የሚጣል ነው ወይ?

የሲሚንቶ ሕንፃ ከተረከቡት በኋላ ለዓመታት ሊረሳ ይችላል። የጭቃ ሙዚየም ግን በየክረምቱ ማግስት ሙያተኛ ይጠራል፤ ሙያተኛው ከጠፋ ሕንፃውም ይከተለዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ በዞማ ግቢ ትምህርት ቤት መኖሩ የጎን ሥራ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንን ግድግዳ የሚለስነው ሰው ዛሬ ጭቃ መንካት ያልተከለከለ ልጅ መሆን አለበት።