የጭሮ ዝናብና የውቅያኖስ ስሌት
በ2007 ዓ.ም. በምዕራብ ሐረርጌ በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገባና ሳይጠነክር ወጣ። በሚኤሶና በጭሮ ዙሪያ ብዙ ማሽላ ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። በ2008 በመላ አገሪቱ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚሻው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ለክረምቱ መክሸፍ ዋናው ምክንያት ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነበር፦ በምድር ወገብ ያለው ውኃ ከልኩ በላይ ሞቆ የነፋሱን መንገድ አዛባው። ኤልኒኖ የሚባለው ይኸው ነው።

እንዲህ ያለውን የውቅያኖስ ጉዞ አስቀድሞ የሚያሰላው ሶፍትዌር የውቅያኖስ ዝውውር ሞዴል ይባላል። ባሕሩን በሣጥኖች ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ሣጥን የውኃ ፍጥነት፣ ሙቀትና ጨው ይመዘግባል፤ ከጎረቤት ሣጥን የገባውንና የወጣውን በፊዚክስ ሕግ አስልቶ ጥቂት ደቂቃ ወደፊት ይራመዳል፤ ደግሞ ያሰላል። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጠረገው አሜሪካዊው ከርክ ብራያን ነው። ዛሬ የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል የወራት ትንበያውን ሲሠራ ኔሞ በተባለ ሞዴል ይጠቀማል።

በጭሮው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ሆነ በገለምሶ ትምህርት ቤት፣ ሂሳብ የሚወድ ወጣት ዳር ቆሞ ማየት የለበትም። ለጀማሪ የምመርጥለት ኤምአይቲጂሲኤም የተባለውን ሞዴል ነው። በነፃ ይገኛል፤ ሊኑክስና የፎርትራን ኮምፓይለር የተጫነበት ላፕቶፕ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ልምምድ ጎኑ 1200፣ ጥልቀቱ 5 ኪሎ ሜትር የሆነ ካሬ ባሕር ነው፤ የሣጥኖቹ ጎን 20 ኪሎ ሜትር፣ የስሌቱ እርምጃ 1200 ሰከንድ። ነፋስ ሲነፍስበት ውኃው መዞር ይጀምራል፤ ጅረቱ ግን በምዕራቡ ዳር ተጨምቆ ይፈጥናል። ለምን? ዳታ በሚባለው ፋይል ውስጥ ቤታን ዜሮ አድርጎ እንደገና ማስኬድ ነው፤ ጥድፊያው ይጠፋል። ቤታ የምድር መዞር በውኃው ላይ ያለው ጫና ከወገብ ወደ ዋልታ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚናገር ቁጥር ነው። የውቅያኖስ ተመራማሪው ሄንሪ ስቶምል እ.ኤ.አ. በ1948 በወረቀት ያሳየውን ተማሪው በገዛ ማሽኑ ያየዋል፤ ለእኛ ቅርብ የሆነው የሶማሊያ ዳርቻ ጅረት እንዲያ የሚፈጥንበትን አንዱን ምክንያትም ያገኛል።

እርምጃውን ያለ ልክ ማርዘም አይቻልም፤ ቁጥሮቹ ከቁጥጥር ወጥተው ስሌቱ ይፈርሳል። የሣጥኑ ጎን በግማሽ ሲያጥር ሣጥኖቹ 4 እጥፍ ይሆናሉ፤ እርምጃውም አብሮ ስለሚያጥር ሥራው ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ሕንድ ውቅያኖስን የሚያህል ባሕር በደቃቅ ሣጥን ለማስላት ብዙ ማሽኖች አብረው የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ልምምድ ሞቃቱን ውኃ ከቀዝቃዛው በላይ ይደራርባል። የኤልኒኖ ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ነው፤ በፓስፊክ ምዕራብ የተከማቸው ሞቃት ውኃ፣ ነፋሱ ሲደክም ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው በእንዲህ ያለ ድርብርብ ባሕር ላይ ነውና።